የእጅ ምልክትና የሰውነት ቋንቋ፦ ከጅማ ተነስተው ውጭ አገር ቋንቋ የሚያስተምሩ መምህራን ደጋግመው የሚጠይቋቸው ጥያቄዎች

አማርኛ፣ አፋን ኦሮሞ ወይም እንግሊዝኛ ለማስተማር ከጅማ ወጥቶ ወደ ዓረብ አገር፣ ወደ አውሮፓ ወይም ወደ እስያ የሚሄድ መምህር መጽሐፉን ደጋግሞ ይፈትሻል። እጁን፣ ቅንድቡንና ትንፋሹን ግን ሳይፈትሽ ይዟቸው ይሄዳል። ክፍል ውስጥ ገና የቋንቋው ቃል የሌለው ተማሪ መጀመሪያ የሚያነበው ደግሞ እነሱን ነው።

የእጅ ምልክት ቋንቋ ለማይግባቡ ሰዎች መግባቢያ አይደለም እንዴ? ለምን ይጠናል?

መብላትን፣ መተኛትን፣ በር መክፈትን በእጅ ማሳየት በአብዛኛው የትም ይሠራል፤ እንቅስቃሴው ድርጊቱን ይመስላልና። አውራ ጣትን ማቆም ግን "ጎበዝ" የሚለውን በምንም አይመስልም። ትርጉም ያገኘው ሰዎች ስለተስማሙበት ብቻ ነው። እንዲህ ያለው ምልክት እንደማንኛውም ቃል ነው፤ ሌላ አገር ሲገባ ሌላ ነገር ሊል ይችላል፣ ስድብም ሊሆን ይችላል። ድርጊት የሚመስሉትን ያለ ስጋት ይጠቀሙ፤ በስምምነት የቆሙትን አንድ በአንድ ይመርምሩ።

ከምንግባባው ውስጥ 93 በመቶው በሰውነት ቋንቋና በድምፅ ነው የሚባለው እውነት ነው?

አይደለም። በየሥልጠናው ስለሚደጋገም መምህራን አምነው ይቀበሉታል፣ ግን የቁጥሩ መነሻ ሌላ ነው። አልበርት ሜህራቢያን የተባለው የሥነ ልቦና ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1967 ባሳተማቸው ጥናቶች የተመለከተው አንድን ጠባብ ጉዳይ ነው፦ ሰው ስሜቱን ሲገልጽ ቃሉ፣ ድምፁና ፊቱ ከተጋጩ አድማጭ የቱን ያምናል? ለቃል 7፣ ለድምፅ ቃና 38፣ ለፊት 55 በመቶ የተባለው ለዚያ ነው። ራሱ ሜህራቢያንም ስለ መውደድና መጥላት ካልሆነ በቀር ስሌቱ እንደማይሠራ ተናግሯል። "ነገ ፈተና የለም" የሚለውን ዐረፍተ ነገር 93 በመቶውን በእጅ ማስተላለፍ አይቻልም። ምልክት ቃልን ያግዛል እንጂ አይተካም።

"አዎ" ስል ተማሪዎቼ "አይደለም" ብለው ይረዱኛል። ምን እያጠፋሁ ነው?

ብዙ ጊዜ ጥፋቱ ያለው ቅንድብዎ ላይ ነው። እኛ "አዎ" ስንል ቅንድብ ከፍ ይላል፣ ራስ በትንሹ ወደ ኋላ ይሄዳል፣ ትንፋሽም ወደ ውስጥ ሳብ ይደረጋል። ቃሉ ጭራሽ ላይወጣ ይችላል፤ ለእኛ ትንፋሹ ብቻውን በቂ ነው።

በቱርክ፣ በግሪክ፣ በሊባኖስና በሶርያ ይኸው እንቅስቃሴ፣ ቅንድብ ወደ ላይ፣ አገጭ ወደ ላይ፣ "አይ" ማለት ነው። አንድ ተማሪ ኢስታንቡል ውስጥ ደብተሩን አሳይቶ "ትክክል ነው?" ቢልና እርስዎ ቅንድብዎን ከፍ ቢያደርጉ ላጲስ አንስቶ ትክክለኛውን መልስ ያጠፋል። ፊሊፒንስ ውስጥ ግን ቅንድብ ማንሳት እንደኛው "አዎ" ስለሆነ ምንም አይቸገሩም።

ቡልጋሪያ ላይ የሚገለበጠው የራስ እንቅስቃሴ ነው። ወደ ላይና ወደ ታች "አይ"፣ ወደ ግራና ቀኝ "አዎ" ይሆናል። የሚያስቸግረው ግን አንዳንዱ ሰው ከውጭ አገር ሰው ጋር ሲያወራ አስቦ ወደ እንግዳው ልማድ ማዞሩ ነው፤ ስለዚህ የትኛውን እየተጠቀመ እንደሆነ ከራሱ እንቅስቃሴ ብቻ መለየት አይቻልም። ቃሉን መጠየቅ ብቻ ነው መፍትሔው። በህንድ ራስን ወደ ሁለቱ ትከሻዎች ዘንበል ዘንበል ማድረግ "እሺ"፣ "ገባኝ" ወይም "እየሰማሁ ነው" ሊሆን ይችላል። "አይ" ነው ብለው ማብራሪያውን አይድገሙት።

ወደ ውስጥ የሚሳበው ትንፋሽ የማያውቀውን ሰው ያስደነግጣል። የታመሙ ወይም የደነገጡ ይመስለዋል። በሰሜን ስዊድን፣ በኖርዌይና በአየርላንድ ግን እነሱም በትንፋሽ "አዎ" ስለሚሉ ቤትዎ ያሉ ይመስልዎታል።

መድኃኒቱ ቀላል ነው። ከመሄድዎ በፊት በአገሩ ቋንቋ "አዎ" እና "አይ"ን ይማሩ። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት ያለ ቃል ምልክት አይስጡ። ልማዱ ስር የሰደደ ስለሆነ በፍላጎት ብቻ አይቆምም፤ ጓደኛዎን አስቀምጠው ሃያ የ"አዎ/አይ" ጥያቄ እንዲጠይቅዎ ያድርጉና ቅንድብዎ በተነሳ ቁጥር ጠረጴዛ ይምታ።

ለደብተር እርማትም ይኸው ጥንቃቄ ያስፈልጋል። እኛ ለትክክል የምናደርገው "ራይት" ጃፓን፣ ስዊድንና ፊንላንድ ውስጥ የስህተት ምልክት ነው። ጃፓን ውስጥ ትክክለኛ መልስ የሚከበበው በክብ ነው። የመጀመሪያውን ደብተር ከማረምዎ በፊት የአገሩን መምህር አንድ የታረመ ወረቀት እንዲያሳይዎ ይጠይቁ።

ከንፈር መምጠጥስ?

ለእኛ ሐዘኔታ ነው። ልጅ ሲወድቅ፣ ሰው መጥፎ ወሬ ሲናገር ሳናስበው ከንፈር እንመጥጣለን። በቱርክና በግሪክ ይህ ድምፅ ከቅንድብ ጋር ሲመጣ "አይ" ነው። የባሰው ግን በካሪቢያን ደሴቶችና በምዕራብ አፍሪካ የሚያስከትለው ነው፤ ጥርስን መጥጦ ድምፅ ማውጣት ንቀትና ብስጭት ነው። ጃማይካዊ ተማሪ አባቱ እንደታመመ ሲነግርዎት ከንፈር ቢመጥጡለት እንደናቁት ሊቆጥረው ይችላል። ሐዘኔታዎን በቃል ይግለጹ፤ በሚያስተምሩት ቋንቋ "አይዞህ"ን የሚተካ አንድ ዐረፍተ ነገር ተዘጋጅቶ አፍዎ ላይ ይኑር።

ጅማ ትቻቸው መሄድ ያለብኝ ምልክቶች የትኞቹ ናቸው?

ክፍል ውስጥ በብዛት ችግር የሚያመጡት እነዚህ ናቸው።

አውራ ጣት ማቆም፦ በኢራን በቀድሞው ልማድ ነውር ነው። ወጣቶች ከስልካቸው የለመዱት ቢሆንም የተማሪ ወላጅ ፊት አይጠቀሙበት።

አውራ ጣትንና ሌባ ጣትን አጋጥሞ ክብ መሥራት፦ ብራዚል ላይ ብልግና፣ ፈረንሳይ ላይ ዜሮ፣ ጃፓን ላይ ገንዘብ። የፈረንሳይ ተማሪ ጥሩ አነበብክ ሊሉት ፈልገው ዜሮ አገኘህ ሊሉት ይችላሉ።

አምስት ጣት በትኖ መዳፍን ወደ ሰው ማሳየት፦ ግሪክ ውስጥ የታወቀ ስድብ ነው። መምህር "አምስት ደቂቃ" ወይም "ቆዩ" ለማለት በቀን አሥር ጊዜ የሚያደርገው ስለሆነ ከሁሉም በላይ ይህን ያስታውሱ። ጣቶቹን ገጥመው መዳፉን ወደ መሬት ዝቅ ያድርጉ።

ሁለት ጣት አቁሞ አይበሉባን ወደ ተማሪው ማዞር፦ እንግሊዝ ውስጥ ስድብ ነው። መዳፉ ወደ ተማሪው ከሆነ ችግር የለውም።

ጣቶችን አጠላልፎ "መልካም ዕድል" ማለት፦ ከእንግሊዝኛ መጻሕፍት የተማርነው ነው፤ ቬትናም ውስጥ ግን ብልግና ነው።

የአምስቱን ጣቶች ጫፍ አጋጥሞ ወደ ላይ ማቆም፦ ብዙ ዓረቦች ዘንድ "ቆይ፣ ቀስ" ማለት ነው። ጣሊያን ውስጥ "ምን እያልክ ነው?" የሚል፣ አንዳንዴም ቁጣ ያለበት ጥያቄ ነው። ስድብ ባይሆንም መልእክቱ ይገለበጣል።

በሌባ ጣት ጠቅሶ መጥራት፦ ፊሊፒንስ ውስጥ ውሻ የሚጠራበት ነው። እኛ መዳፍ ወደ ታች አድርገን የምንጠራው አጠራር በአብዛኛው እስያ ይሠራል፤ አውሮፓ ውስጥ ግን አንዳንዱ "ሂድ" ያሉት ይመስለዋል። ስም መጥራት ይሻላል።

በቁጥርም ላይ ይጠንቀቁ። ቻይናውያን እስከ አሥር በአንድ እጅ ይቆጥራሉ። አውራ ጣትና ሌባ ጣት ሲዘረጉ ስምንት ነው፣ አውራ ጣትና ትንሿ ጣት ሲዘረጉ ስድስት። እርስዎ አውራና ሌባ ጣት ዘርግተው "ሁለት ሁለት ሁኑ" ቢሉ ተማሪው ግራ ይጋባል። ሌባ ጣትንና መሃል ጣትን ይጠቀሙ።

ከእኛ ልማድ ውስጥ ሳይለወጥ የሚያገለግልስ የለም?

አለ፣ ብዙ ነው። በቀኝ እጅ መስጠትና መቀበል በዓረብ አገሮችም በህንድም ያስከብራል። በሁለት እጅ መስጠት፣ ወይም ቀኝ እጅን ሲዘረጉ በግራ እጅ ክርንን መደገፍ ኮሪያ ውስጥም የአክብሮት ምልክት ነው፤ ጅማ ላይ ለአዛውንት እንደሚያደርጉት ያድርጉት፣ ማንም አያርምዎትም። ትንሽ ጎንበስ ብሎ እጅ መንሳትም በምሥራቅ እስያ ቦታውን ያገኛል። ታላቅ ሰው ፊት እግር አነባብሮ አለመቀመጥ በዓረብ አገሮችና በታይላንድ ይጠቅማል፣ የጫማን ሶል ወደ ሰው ማዞር እዚያ ነውር ስለሆነ።

ሌላው የጅማ ሰው ያለ ትምህርት የሚያውቀው ነገር አለ። ወንድ ለሴት ቀድሞ እጅ አለመዘርጋት፣ እሷ ካልዘረጋች ቀኝ እጅን ደረት ላይ አድርጎ ሰላም ማለት። ከሙስሊም ጎረቤት ጋር ላደገ ሰው ይህ የየቀን ሰላምታ ነው። ባሕረ ሰላጤው አካባቢ ሲያስተምሩ ይኸው ያገለግልዎታል።

ተማሪዎቼ ዓይን ዓይኔን ያዩኛል። ድፍረት ነው?

እኛ ዘንድ አንገቱን የደፋ ልጅ ጨዋ ነው፤ ትክ ብሎ የሚያይ ልጅ "ዓይን አውጣ" ይባላል። በአሜሪካና በአብዛኛው አውሮፓ ግን አስተማሪን ዓይቶ መስማት "እየተከታተልኩ ነው" ማለት ነው፣ ዓይን መስበር ደግሞ መደበቅ ወይም መሰልቸት ይመስላል። ስለዚህ አይቆጡ። ከዚህ ይልቅ የራስዎን ዓይን ያሠልጥኑ። ሲናገሩ ወለሉን ወይም ሰሌዳውን ብቻ የሚያዩ ከሆነ ተማሪዎቹ ያልተዘጋጁ ይመስላቸዋል። አንዱን ዐረፍተ ነገር ለአንድ ተማሪ ጀምረው ለእሱው ይጨርሱ፣ ቀጣዩን ለሌላው። ጃፓን ላይ ደግሞ ለረጅም ጊዜ ትክ ብሎ ማየት ያስጨንቃል፤ አጠር አድርገው ዓይንዎን ያንሱ።

እጅ አወጣጥና ጣት መቀሰር ላይ ምን ልዩነት አለ?

እጅ አውጥቶ ጣት እያጮኹ "ቲቸር! ቲቸር!" ማለት እኛ ጋ የጉጉት ምልክት ነው። ሌላ አገር ጣት ማጮህ ሰውን ማዘዝ ነው፣ እርስዎም ተማሪ ለመጥራት እንዳይጠቀሙበት። አስተናጋጅ በጭብጨባ መጥራትም እንዲሁ እዚሁ ይቅር። ጀርመን ውስጥ ተማሪ እጅ የሚያወጣው ሌባ ጣቱን አቁሞ ነው፤ ዘርጋ ያለ ክንድ የናዚን ሰላምታ ስለሚያስታውስ ሙሉ እጅ እንዲያወጡ አያስገድዷቸው። ዩኒቨርሲቲ ካስተማሩ ደግሞ በትምህርቱ መጨረሻ ጠረጴዛውን በጣት አንጓ ሲያንኳኩ አይደንግጡ፣ ጭብጨባ ነው።

ጣት መቀሰር በአማርኛም መክሰስ ነውና ትርጉሙን ያውቁታል። "እኔ፣ አንተ፣ አንቺ፣ እሱ፣ እሷ" ሲያስተምሩ መጠቆም ግን አይቀርም። መዳፍን ወደ ላይ ከፍቶ በሙሉ እጅ መጠቆም የትም አያስቀይምም። "እርስዎ" ላይ ሲደርሱ ያንኑ እጅ በትንሽ ማጎንበስ ያጅቡት፤ ተማሪው አክብሮቱን ከቃሉ ጋር አብሮ ይይዘዋል።

ዐረፍተ ነገር በጣት ማረም የሚባለው እንዴት ነው?

እያንዳንዱ ጣት አንድ ቃል ይይዛል። ለአማርኛ ተማሪ ይህ ከሁሉም የሚጠቅም መሣሪያ ነው፣ ምክንያቱም ግስ መጨረሻ ላይ መምጣቱ እንግሊዝኛ ተናጋሪውን ለወራት ያስቸግረዋል።

ግራ እጅዎን ከፍ አድርገው መዳፉን ወደ ተማሪዎች ያዙሩ። አውራ ጣትዎ ያለው በእነሱ ግራ በኩል ስለሚሆን ከአውራ ጣት ሲጀምሩ ቃላቱ ለእነሱ ከግራ ወደ ቀኝ ይደረደራሉ፣ ልክ እንደ ጽሑፍ። ብዙ መምህራን የሚሳሳቱት እዚህ ነው፤ ለራሳቸው እንዲታያቸው አድርገው ይይዙና ዐረፍተ ነገሩ ለተማሪው ከኋላ ወደ ፊት ይነበባል።

አሁን በቀኝ እጅዎ ጣቶቹን አንድ በአንድ ይዘው ይበሉ፦ "እኔ" አውራ ጣት፣ "ትናንት" ሌባ ጣት፣ "እቤት" መሃል ጣት፣ "ቡና" ቀለበት ጣት፣ "ጠጣሁ" ትንሿ ጣት። ተማሪው "እኔ ጠጣሁ ቡና..." ቢል ምንም አይናገሩ። ትንሿን ጣት ያዝ አድርገው ይጠብቁ። "ግስ የት ነው ቤቱ?" የሚለውን ጣቷ ትጠይቀዋለች። ቃል ከዘለለ የተዘለለውን ጣት ያንቀሳቅሱ። ሁለት ቃል ካቀያየረ ሁለቱን ጣቶች ያጠላልፉ። ዐረፍተ ነገሩ ከተለመደ በኋላ አውራ ጣትን አጥፈው ያስደግሙት፤ "ጠጣሁ" ውስጥ "እኔ" እንዳለ ያለ ማብራሪያ ይገባዋል።

ግሪክ ከሆኑ የተበተነው መዳፍ ስድብ ስለሆነ ቀኝ እጅዎን ተጠቅመው አይበሉባውን ወደ ተማሪዎች ያዙሩ። አውራ ጣቱ አሁንም በእነሱ ግራ ነው፣ ቅደም ተከተሉ አይፈርስም። የትም ቢሆን ግን መሃል ጣትን ለብቻው አያቁሙ፤ ሌሎቹ እንደተዘረጉ ይዘው ይንኩት። ዐረብኛ የሚያስተምሩ ከሆነ ጽሑፉ ከቀኝ ስለሚነሳ በትንሿ ጣት ይጀምሩ።

ያለፈ ጊዜን ወደ ኋላ፣ የወደፊቱን ወደ ፊት እየጠቆምኩ ነው የማስተምረው። ተማሪዎቼ ለምን ይደናገራሉ?

እንግሊዝኛ ሲያስተምሩ አውራ ጣትን በትከሻ ላይ ወደ ኋላ መወርወር ላለፈ ጊዜ ጥሩ ነው። አማርኛ ሲያስተምሩ ግን ምልክቱና ቃሉ ይጣላሉ። "ከምሳ በፊት" የቀደመው ነው፣ ውስጡ ግን "ፊት" አለ። "ከምሳ በኋላ" የሚመጣው ነው፣ ውስጡ ደግሞ "ኋላ" አለ። ወደ ኋላ እየጠቆሙ "በፊት" ሲሉ ቃሉን ቆርሶ የሚያይ ጎበዝ ተማሪ ይበልጥ ይጠፋበታል። በዚያ ላይ "ወደፊት" ሲመጣ መጪው ጊዜ ፊት ለፊት ይሆናል። አማርኛችን ሁለቱንም ይዟል፣ ለእኛ አይጋጭም፣ ለተማሪው ግን ይጋጫል።

መፍትሔው ሰውነትን ትቶ መስመር መጠቀም ነው። ሰሌዳው ላይ ወይም አየር ላይ ለተማሪው ከግራ ወደ ቀኝ የሚሄድ መስመር ያስምሩ። "ምሳ" መሃል ላይ ይቀመጥ። እጅዎን ከምሳ በስተግራቸው ሲያሳርፉ "ከምሳ በፊት"፣ በስተቀኛቸው ሲያሳርፉ "ከምሳ በኋላ"። አሁንም የእነሱ ግራ የእርስዎ ቀኝ መሆኑን አይርሱ። ይህ ከሰው ሰውም ይለያያል፤ በአንዲስ ተራሮች የሚኖሩት አይማራዎች ያለፈውን ወደ ፊታቸው፣ ያልታየውን መጪ ጊዜ ወደ ኋላቸው ይጠቁማሉ።

የእጅ ሰዓት እየነኩ "ሁለት ሰዓት" ማለትም ብቻውን አይበቃም፤ የእኛ ሁለት ሰዓት የእነሱ ስምንት ነው። እጅን እንደምትወጣ ፀሐይ ከአድማስ ከፍ ያድርጉ፣ ቀጥሎ ጣት ይቁጠሩ። ቆጠራው ከፀሐይ መውጫ እንደሚነሳ ያኔ ይታያቸዋል።

ጠብቆና ላልቶ የሚነበበውን በእጅ ማሳየት ይቻላል?

ይቻላል፣ እንዲያውም ፊደላችን ስለማያሳየው እጅ የግድ ነው። "አለ" ሲላላ ተናገረ፣ ሲጠብቅ መኖር ነው። "ገና" ሲላላ አልደረሰም፣ ሲጠብቅ በዓሉ። "ዋና" ሲላላ ውኃ ውስጥ፣ ሲጠብቅ ዋነኛ። ለሚላላው መዳፍ ክፍት ሆኖ ያልፋል። ለሚጠብቀው እዚያው ድምፅ ላይ ሲደርሱ ጭብጥ ያድርጉና አንድ ምት ያህል ይያዙት፣ ከዚያ ይልቀቁ። "ገን...ና"፤ ጭብጡ ሲፈታ ነው "ና" የሚወጣው። እጁ ቀድሞ ከተፈታ ድምፁም ይላላል፣ ተማሪዎችም አብረው በእጃቸው ያድርጉት። ድምፁን ጮክ በማድረግ ያጠበቁ የሚመስላቸው ብዙ ናቸው፤ መጥበቅ ጊዜ ነው እንጂ ጩኸት አይደለም።

ለ"ጠ፣ ጨ፣ ቀ፣ ጰ" ደግሞ ሁለት ጣት ማንቁርት ላይ ያሳርፉ። "ተ" ሲሉ ብዙ አይንቀሳቀስም፤ "ጠ" ሲሉ ማንቁርት ወደ ላይ ዘለል ይላል። ተማሪው የራሱን አንገት ይንካ፤ እርስዎ የእሱን አይንኩ።

ስንት ምልክት ይበቃኛል? እንዴትስ ላስለምዳቸው?

ከስምንት እስከ አሥር። አድምጡ፣ ድገሙ፣ ሁላችሁም፣ አንተ ብቻ፣ ጥንድ ሁኑ፣ ጻፉ፣ ቁሙ፣ እንደገና ሞክር፤ እነዚህ የአንድ ሴሚስተር ሥራ ይሸፍናሉ። በአንድ ክፍለ ጊዜ ከሁለት በላይ አዲስ አያስገቡ። መጀመሪያ ቃሉን ከምልክቱ ጋር፣ በሦስተኛው ቀን ምልክቱን ብቻ። አንዱን ምልክት ለሁለት ትእዛዝ አይጠቀሙ፤ "ድገሙ" ለማለት ጆሮ ላይ እጅ አድርገው "አልሰማሁም" ለማለትም ያንኑ ካደረጉ ተማሪው ስህተት የሠራ እየመሰለው ይፈራል።

የሚያወሩ ከሆነ እጅዎ ይረፍ። ያለማቋረጥ የሚወዛወዝ እጅ ውስጥ የትኛው ምልክት እንደሆነ ማንም አይለየውም። ምልክት ሲሰጡ ደረት ላይ ያቁሙትና ሁለት ሰከንድ ያህል ይያዙት።

ዝም ማለትም ምልክት ነው። ሜሪ በድ ሮው የተባለች አሜሪካዊት ተመራማሪ መምህራን ከጠየቁ በኋላ የሚጠብቁት ወደ አንድ ሰከንድ ገደማ ብቻ እንደሆነ አሳይታለች፤ ሦስት ሰከንድ ሲጠብቁ መልሶቹ ይረዝማሉ፣ ብዙ ተማሪም ይሳተፋል። በሁለተኛ ቋንቋ ለሚያስብ ተማሪ ደግሞ ከዚያም በላይ ይገባዋል። እጅዎን ክፍት አድርገው፣ ፊትዎን ሳያኮሳትሩ፣ በልብዎ እስከ አምስት ይቁጠሩ።

"ገባችሁ?" "አዎ!" የሚለውን የእኛን ልማድ ግን አይመኑት፣ የትም አገር። የገባውም ያልገባውም ራሱን ይነቀንቃል። የሚታይ ነገር ያሠሩ፦ "ቀዩን እስክሪብቶ ከመጽሐፉ በታች አድርጉ"። ከገባቸው እጃቸው ይነግርዎታል። ጄምስ አሸር የተባለው አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ ጀምሮ ያስፋፋው ቋንቋን በትእዛዝና በእንቅስቃሴ የማስተማር ዘዴም የቆመው በዚሁ ላይ ነው።

ልጆችን ማቀፍ፣ ራስ መዳበስ ይፈቀዳል?

ራስ መዳበስ ለእኛ ፍቅርና ምርቃት ነው። ታይላንድ ውስጥ ራስ ክቡር የሰውነት ክፍል ስለሆነ የሕፃንንም እንኳ አይንኩ። በአውሮፓና በአሜሪካ ትምህርት ቤቶች ስለ ልጆች ደኅንነት የተጻፈ መመሪያ አለ፤ በመጀመሪያው ቀን ይጠይቁና ያንብቡት። እስኪያነቡ ድረስ ምንም ንክኪ አይኑር። ሁለት ወንድ ባልንጀሮች እጅ ለእጅ ተያይዘው መሄዳቸውም ሌላ አገር ሌላ ትርጉም እንደሚሰጠው ይወቁ።

ከጅማ ሳልወጣ በኢንተርኔት ለውጭ ተማሪዎች ባስተምርስ?

ካሜራው በዓይን ትክክል፣ ከፊትዎ አንድ ክንድ ያህል ርቆ ይቀመጥ፤ እንዲህ ሲሆን ደረትና እጅ ይታያሉ። መስኮቱ ፊት ለፊትዎ እንጂ ከጀርባዎ አይሁን። መስመሩ ሲደክም ፈጣን እንቅስቃሴ ተቆራርጦ ስለሚደርስ ምልክቱን እስከ ሦስት ሰከንድ ያቁሙት። ዙም ላይ የራስዎ ምስል እንደ መስታወት ተገልብጦ ይታይዎታል፤ ተማሪዎቹ ግን የሚያዩት ቀጥታውን ነው። ስለዚህ የጣት ዐረፍተ ነገሩን የራስዎን ምስል እያዩ አያስተካክሉት።

እ.ኤ.አ. በ2023 ከወጣው ሶፍትዌር ወዲህ የአፕል ኮምፒውተሮችና ስልኮች አንዳንድ ምልክት ሲያዩ በራሳቸው ስዕል ሊለቁ ይችላሉ፤ ሁለት አውራ ጣት ሲቆም ርችት፣ ሁለት ጣት ሲቆም ፊኛ። ቁም ነገር እያስረዱ ፊኛ እንዳይነሳብዎ ከካሜራው ምርጫ ላይ አስቀድመው ያጥፉት።

የምልክት ቋንቋ ብማር ይጠቅመኛል?

መማሩ መልካም ነው፣ ግን የክፍል ምልክትና የምልክት ቋንቋ አንድ አይደሉም። የኢትዮጵያ ምልክት ቋንቋ የራሱ ሰዋስው ያለው ሙሉ ቋንቋ ነው፤ የአሜሪካውና የእንግሊዙም እርስ በርሳቸው እንኳ አይግባቡም። መስማት የተሳነው ተማሪ ካለ አስተርጓሚ ያስፈልጋል፣ የእርስዎ ስምንት ምልክቶች አይተኩትም።

ወደ ጅማ ለሚመጣ የውጭ መምህር ምን ልንገረው?

አስቀድመው የሚያስደነግጡትን ይንገሩት። ክፍል ሲገባ ተማሪዎች ይነሱለታል። ጣት የሚያጮኸው ተማሪ አልተሳደበም። ትንፋሽ ወደ ውስጥ የሳበችው ተማሪ "አዎ" ብላዋለች፤ ዓይኗን የሰበረችውም አክብራው ነው። እየበላ ያለ ሰው እጁ ስለተነካካ አንጓውን ወይም ክንዱን ቢዘረጋለት ያንኑ ይጨብጥ። ሙስሊም ሴት እጇን ካልዘረጋች ደረቱን ነክቶ ሰላም ይበል። የጅማው ገበያ መርካቶ ሲወርድ አዛውንቱን "ኦቦ"፣ እናቲቱን "አዴ" ብሎ ትንሽ ጎንበስ ካለ አማርኛውም አፋን ኦሮሞውም ቢሰባበር ይታለፍለታል።

ከመሄዴ በፊት እንዴት ልዘጋጅ?

ስልክዎን ከክፍሉ ኋላ አስቀምጠው ሃያ ደቂቃ ትምህርት ይቅረጹ። ከዚያ ድምፁን አጥፍተው ይመልከቱ። ያደረጉትን ምልክት ሁሉ ይጻፉ፤ አብዛኛውን ማድረግዎን እንኳ አያውቁትም። ዝርዝሩን ይዘው ሲደርሱ ለአንድ የአገሩ ወጣት መምህርና ዕድሜ ለገፋ አንድ ሰው ለየብቻ ያሳዩ፣ በዝግ ክፍል፦ "ይህ እዚህ ምን ማለት ነው?" ወጣቱ ችግር የለም ያለውን አዛውንቱ ነውር ሊሉት ይችላሉ። ሁለቱ ካልተስማሙ ያን ምልክት ይተዉት።

ተሳስቼ ነውር የሆነ ምልክት ክፍል ውስጥ ባሳይስ?

ተማሪዎቹ ይነግሩዎታል፤ የታፈነ ሳቅ፣ ወይም ድንገት ዝምታ። እጅዎን ያውርዱ እንጂ እንዲገባቸው ብለው አይድገሙት። "ይቅርታ፣ በአገሬ ሌላ ትርጉም አለው" ብለው ወደ ትምህርቱ ይመለሱ። ተማሪ ትርጉሙን ክፍል ፊት እንዲያብራራ አይጠይቁ፤ አፍሮ ይቸገራል። ሲወጡ አንድ የሥራ ባልደረባ ይጠይቁና በሚቀጥለው ቀን ለዚያው ትእዛዝ አዲሱን ምልክት ይዘው ይግቡ።